ጆሮ ጩኸት አይለምድም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቃሊቲ ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ በመጫንና በማውረድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የሞተሩ ጩኸት ያስቸግረኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ከፈረቃ ስወጣ ግን ጆሮዬ ሲጮህ ያድራል። ባለቤቴም «ቴሌቪዥኑን ቀንስ» እያለች ትቆጣኛለች። ጎረቤታችን ጤና አዳም በዘይት አሙቄ እንድጨምርበት መክሮኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ለምጄዋለሁ» የሚሉኝ ከአቃቂ ፋብሪካዎች የሚመጡ ታካሚዎችም ናቸው። ጩኸቱ የቀለለህ የመስማት አቅምህ እየቀነሰ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤትህ ቀድማህ አውቃዋለች። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሚሠራ የአውሮፕላን ሞተር አጠገብ ደግሞ ከ120 ሊያልፍ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ የጆሮ መከላከያ ተሰጥቷችሁ «ይሞቃል»፣ «ራዲዮው አልሰማ አለኝ» እያላችሁ ታወልቁታላችሁ። ከ8 ሰዓት አንዱን ብቻ ብታወልቁት አብዛኛው ጥቅሙ ይጠፋል። የስፖንጁን መድፈኛ በጣት ጠቅልላችሁ አቅጥኑት፤ በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ አስገብታችሁ እስኪነፋ ያዙት። ጫፉ ላይ የተሰካ መድፈኛ ጌጥ ነው! ሞተር አጠገብ ከሆናችሁ ከላዩ የጆሮ ሽፋኑን ደርቡበት።

ጤና አዳሙን ለቡናህ ተወው። ታምቡርህ ተቀዶ ከሆነ ዘይቱ በቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ክብሪትና ቁልፍ ከቶ መጎርጎርም ያው ነው። ያለ ማዘዣ የሚገዛ ጠብታስ? ጄንታማይሲን ያለበት ጠብታ በተቀደደ ታምቡር ካለፈ ራሱ መስማትን ሊጎዳ ይችላል። ጆሯችሁ መግል አውጥቶ አንቲባዮቲክ የታዘዘላችሁም፣ መግሉ ስለደረቀ ብቻ በሦስተኛው ቀን አታቋርጡ።

አንድ ጆሮ ድንገት ድፍን ካለ አታሳድሩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስቴሮይድ ከተጀመረ የመመለስ ዕድል አለው፤ ሳምንታት ካለፉ ግን ዕድሉ ይመነምናል።





አንተ አሁን ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማህ ነው። የመስማት ምርመራ እንዲታዘዝልህ ጠይቅ፤ ከፈረቃ ወጥተህ በቀጥታ ሳይሆን አርፈህ ተመርመር፣ አለዚያ ውጤቱ ይዛባል። ወረቀቱን አትጣለው፤ የከርሞው ምርመራ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ስለዚህ ካልተሰጠህ ጠይቅ፤ ከተሰጠህ አድርገው።