ከተራራው የሚበልጡት ቄስ፦ ልጆች ሪያሊዝምንና ፕሪሚቲቪዝምን እንዲያወዳድሩ ስናስተምር

በዚህ ዓመት ሦስት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ሆነን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ሞአዶኒት የሥዕል ሰዓት እንመራለን። ልጆቹ ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ማናችንም ሠዓሊ አይደለንም። ከየቤታችን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን፤ ሙዚየምም ያየነው እንደ ልጆቹ በትምህርት ቤት ጉዞ ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የተሳሳትነውንም የተማርነውንም ሌሎች በጎ ፈቃደኞችና ወላጆች እንዲጠቀሙበት ብለን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ስሕተታችን

ሁለት ሥዕሎች ግድግዳው ላይ አሳየን። አንዱ ሮዛ ቦነር የተባለች ፈረንሳዊት በ1849 የሣለችው ነው። ጠንካራ በሬዎች ተጠምደው መሬት ያርሳሉ፤ ፀሐይ ጀርባቸው ላይ አርፋለች፤ የተገለበጠው አፈር ርጥበቱ ሁሉ ይታያል። ሁለተኛው አንሪ ሩሶ በ1891 የሣለው ነው። በዝናብና በመብረቅ መካከል አንድ ባለ መስመር ነብር ጥርሱን አግጥጦ በቅጠሎች መሐል ይታያል። ነብሩ መሬቱን ይርገጥ ወይም አየር ላይ ይንሳፈፍ በቅጡ አይለይም።

ከዚያ «የትኛው ይበልጣል?» ብለን እጅ አስነሣን። ሁሉም ለበሬዎቹ አነሡ። አንድ ልጅ ስለ ነብሩ በዕብራይስጥ «ፕሪሚቲቪ!» አለና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዚያው ቅጽበት ጥግ የተቀመጠች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየናት። በኋላ ስንጠይቃት አሳየችን። አያቷ ያወሩላትን የጎንደር ጎጆ ሥላለች። ደጅ የቆሙት ሰዎች ከጎጆው ይበልጣሉ። በላዩ ላይ በእርሳስ ሰርዛበታለች። «እንደ ነብሩ ነው» አለችን።

ጥፋቱ የሳቁት ልጆች አልነበረም፤ የእኛ ጥያቄ ነበር። «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ማወዳደርን አላስተማረም፤ ደረጃ መስጠትን ነው ያስተማረው። ስለዚህ ወደ ቤታችን ሄደን ራሳችን እንደገና መማር ነበረብን።

ሁለቱ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ሪያሊዝም በአማርኛ እውነታዊነት ይባላል። ብዙ ሰው «ፎቶ የሚመስል ሥዕል» ማለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሲጀመር ጥያቄው ሌላም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ ትልልቅ ሸራ ላይ የሚሣሉት በአብዛኛው ነገሥታት፣ ጦርነቶች፣ የጥንት አማልክትና የሃይማኖት ታሪኮች ነበሩ። ጉስታቭ ኩርቤ ግን ድንጋይ ፈላጮችንና የገጠር ሰዎችን በትልቁ ሣለ። በ1855 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አንዳንድ ሥዕሎቹ ተቀባይነት ሲያጡ በአቅራቢያው የራሱን አዳራሽ ሠርቶ «ሪያሊዝም» የሚል ስም ሰጠው። እንግዲህ ሪያሊዝም «እንዴት ይሣላል?» ብቻ ሳይሆን «ሊሣል የሚገባው ማን ነው?» የሚልም ጥያቄ ነው።

ፕሪሚቲቪዝም ደግሞ ሁለት ነገሮችን ያቅፋል። አንደኛው ትምህርት ቤት ሳይገቡ በራሳቸው የተማሩ ሠዓሊዎች ሥራ ነው፤ ናኢቭም ይባላል። ሩሶ ወደ ፓሪስ በሚገቡ ሸቀጦች ላይ ቀረጥ የሚሰበስብ ሠራተኛ ነበር። በዚህ አገርም የጽፋቱ ሻሎም ሞስኮቪች አለ፤ ሰዓት ሠሪ የነበረ፣ በስተርጅና መሣል ጀምሮ የኦሪትን ታሪኮች የሣለ ሰው ነው። ሁለተኛው ተምረው ሳለ የተማሩትን ሆን ብለው የተዉ ሠዓሊዎች መንገድ ነው። ፖል ጎጋን በ1891 ወደ ታሂቲ ሄደ። ፒካሶ በ1907 በፓሪስ ሙዚየም የአፍሪካ ጭንብሎችን አይቶ ሥዕሉን ለወጠ።

እዚህ ላይ ለልጆቹ መደበቅ የሌለብን ነገር አለ። «ፕሪሚቲቭ» የሚለው ቃል ሥሩ «የመጀመሪያ» ማለት ነው። አውሮፓውያን ግን ሌሎች ሕዝቦች ገና ሕፃን፣ ገና ኋላ እንደሆኑ አድርገው ተጠቀሙበት። ጭንብሎቹን የጠረቡት ሰዎች ከአዋቂ ሥር ሆነው የተማሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ሙዚየሞቹ ግን የብዙዎቹን ስም እንኳ አልመዘገቡም። ፒካሶን ዓለም በሙሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ጠራቢውን ግን ማንም አይጠራውም።

የተሻሉ ጥያቄዎች

በሁለተኛው ሳምንት «የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ጥያቄ ከለከልን። መጀመሪያ ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው። ቀጥሎ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በሁለቱም ሥዕሎች ላይ እኩል ጠየቅን።

1. ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ጥላ አለ?
2. ሩቅ ያለው ነገር ያንሳል? ወይስ ሁሉም እኩል ነው?
3. ትልቁ ማን ነው? ለምን?
4. ሠዓሊው የሣለውን ነገር በምን አወቀው?
5. ሠዓሊው ምን ትቶ አለፈ?

አራተኛው ጥያቄ ክፍሉን ቀየረው። ሮዛ ቦነር የእንስሳትን አካል ለማጥናት ቄራ ድረስ ትሄድ ነበር። ሩሶ ግን ከፈረንሳይ ወጥቶ ጫካ አላየም፤ ተክሎቹን ያጠናው በፓሪስ የዕፅዋት መናፈሻ ነው። ይህን ስንነግራቸው ያ የሳቀው ልጅ፣ «ታዲያ ነብሩን ያየው በሐሳቡ ነው! ለዚህ ነው የሚያስፈራው» አለ። የሕልም ነብር እግሩን የት እንዳሳረፈ የሚጠይቅ የለምና።

አምስተኛው ጥያቄ ደግሞ ሪያሊዝምም ምርጫ መሆኑን ያሳያል። በቦነር ሥዕል ላይ በሬዎቹ ግዙፍ ናቸው፤ አራሾቹ ግን ከእነሱ ኋላ አንሰው ነው የሚታዩት። ዓይኗ ያየውን ሁሉ እኩል አልሣለችም፤ መርጣለች።

ሁለተኛ ጥንድ፦ ቃርሚያና ድግስ

ለሦስተኛው ሳምንት የዣን ፍራንስዋ ሚሌን የ1857 ሥዕል መረጥን። ሦስት ሴቶች አጎንብሰው ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። ከሩቅ ትልልቅ ክምሮች በብርሃን ይታያሉ፤ በፈረስ የተቀመጠ ተቆጣጣሪም አለ። የሴቶቹ ፊት ግን በደንብ አይታይም።

ልጆቹ «የጠፋባቸውን ነገር እየፈለጉ ነው» አሉ። እኛ «ቃርሚያ» የሚለውን ቃል ሰጠናቸው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ ተዉ ይላል፤ ሩትም በቦዔዝ እርሻ የለቀመችው ይህንኑ ነው። ቤት ሄደው አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ አዘዝናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አንዷ «ሳቭታዬ ራሷ ለቅማለች፤ ወገቧን እንደሚያማት አሳየችኝ» ብላ መጣች። አንድ የ1857 የፈረንሳይ ሥዕል ልጅንና አያትን በአማርኛ አነጋገረ።

ከጎኑ የጆርጂያውን ኒኮ ፒሮስማኒን (1862–1918) የድግስ ሥዕል አደረግን። ፒሮስማኒ በትብሊሲ ለመጠጥ ቤቶች የሚሥል ድኻ ሰው ነበር። ብዙ ጊዜ ዘይት በተቀባ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይሥላል፤ ጥቁር ሲያስፈልገው ጨርቁን ሳይቀባ ይተወዋል። በድግስ ሥዕሎቹ ላይ ሰዎቹ ከገበታው ኋላ ተደርድረው ወደ እኛ ያያሉ። ሚሌ ፊታቸውን የሸሸገው ሴቶቹ ለባለ እርሻው ስም የሌላቸው ስለሆኑ ሊሆን ይችላል አሉ ልጆቹ። ፒሮስማኒ ሁሉንም ፊት ለፊት ያስቀመጠው ደግሞ በድግስ ላይ ማንም መደበቅ ስለሌለበት ነው አሉ። ሁለቱም መልሶች የልጆቹ ናቸው፤ ሁለቱም ከሥዕሉ ላይ ሊታዩ ይችላሉ። ማወዳደር ማለት ይህ ነው።

የሥዕል ሕግ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ለማሳየትም በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያለውን ልማድ ነገርናቸው። ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን የማያውቅ «መሣል አይችልም» ይላል፤ የሚያውቅ ግን ያነበዋል።

የጀበናው ልምምድ

ጠረጴዛ ላይ ጀበና አስቀመጥን። መጀመሪያ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እያዩ ሣሉት፦ አንገቱን፣ እጀታውን፣ ጥላውን፣ ብርሃን የሚያበራበትን ቦታ። ከዚያ ጀበናውን ሸፍነን «አሁን በቤታችሁ ያለውን ጀበና ከልባችሁ ሣሉ» አልናቸው።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሁሉም ጀበና ብቻ ሣሉ። በሁለተኛው ላይ ግን ጭስ፣ ሲኒዎች፣ ፈንዲሻ፣ ጎረቤት፣ ስልክ የሚያወራ አጎት መጡ። በአንዱ ላይ ጀበናው ከሶፋው ይበልጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «የመጀመሪያው ሥዕል ... ያሳያል፤ ሁለተኛው ... ያሳያል።» ለዚህ ልምምድ ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከአንድ ዕቃ በስተቀር ምንም አያስፈልግም።

እማማ የመጡ ቀን

በአምስተኛው ሳምንት የአንዱን ልጅ አያት ጋበዝን። በእጃቸው የጠለፉትን ጨርቅ ይዘው መጡ። በአምቦበር የነበረውን የስግድ በዓል ነው ያሳዩት። ሕዝቡ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ቄሱ ጥላ ተይዞላቸው ከላይ ቆመዋል፤ ከተራራውም ይበልጣሉ። ያ ልጅ በዕብራይስጥ «ሰው እንዴት ከተራራ ይበልጣል?» አለ። ተረጎምንላቸው።

«ልጄ፣ ተራራውማ እዚያው አለ፤ ማን ይወስደዋል?» አሉ። «እኔ እንዳይጠፉብኝ የፈለግሁት ቄሱን ነው።»

ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ ያቺኑ ቃል ደገማት። ክፋት አልነበረውም፤ የትምህርቱን ቃል መጠቀሙ ነበር። እማማ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዷ «ቆንጆ ነው ይላል» አለች።

እሳቸው ፈገግ ብለው፣ «ቃሏንማ አውቃታለሁ። እዚህ አገር እንደገባን መጀመሪያ ከተማርናቸው ቃላት አንዷ ናት» አሉ።

የምንለው ጠፋን። ወላጆቻችን ስለ ልብሳቸው፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለ ዝምታቸው ጭምር ያን ቃል እንደሰሙ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ግን በሥዕል ትምህርት ስም ለልጆቻቸው ልጆች መልሰን ልናስተምራት ነበር።

እማማ ልጁን ወደ እሳቸው ጠሩት። ጨርቁን ጭኑ ላይ ዘርግተው «በል፣ እኔን ፈልገኝ» አሉት። ብዙ ፈለገ። መጨረሻ ላይ ከሁሉም ያነሰች፣ ድንጋይ ተሸክማ የምትወጣ ልጅ አገኘ። «ለምን ይህን ያህል ትንሽ ሆኑ?» አለ። «ያኔ ትንሽ ነበርኩ» አሉት። ልጁ ያን ዕለት ማንም ሳያዘው በሦስተኛው ጥያቄ ሥር «ትልቁ የሚከበረው ነው። ትንሿ ሳቭታ ናት፤ ሕፃን ስለነበረች» ብሎ ጻፈ።

ለአስተማሪዎችና ለወላጆች

ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍላችን አራት ነገሮችን እንጠብቃለን። እናንተንም እንመክራለን።

ቃሉን አትሸሹት። «ፕሪሚቲቪዝም» የመጻሕፍት ቃል ስለሆነ ልጆቹ ይገናኙታል። ማን እንዳወጣው፣ በማን ላይ እንደተነገረ ንገሯቸው። ስለ አንድ ሥዕል ስትናገሩ ግን «በራሱ የተማረ ሠዓሊ» ማለት ይበቃል። እኛም «ቆንጆ ነው ይላል» ማለታችን ስሕተት ነበር፤ እማማ ከእኛ መሸሸጊያ አልፈለጉም።

በሌላ በኩል ሁሉንም ሥዕል «ግሩም ነው» አትበሉ። ልጅ ሽንገላን ያውቃል። «ጥላውን አይተህ ሥለኸዋል» ወይም «ጀበናውን ለምን አተለቅሽው?» ማለት ከማሞገስ ይበልጣል።

እያዩ መሣልንም አስተምሯቸው። ልኬት፣ ጥላና ርቀት የሚሠለጥኑበት ሙያ ነው፤ ልጆቻችን ሊነፈጉት አይገባም። ሁለቱንም የሚችል ልጅ መምረጥ ይችላል።

በቤት ውስጥ በአማርኛ ጠይቁ፦ ጥላው የት ነው? ቅርብ የቱ ነው? ሩቅስ? አማርኛው የተሰባበረ ልጅ እንኳ በጣቱ እያሳየ ይመልሳል። በኢየሩሳሌም ያለው የእስራኤል ሙዚየምም የአውሮፓን ሥዕልና የአፍሪካን ቅርጻ ቅርጽ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟልና አምስቱን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። አያትም ቢኖሩ ይዛችሁ ሂዱ።

ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሰረዘችውን ጎጆ እስካሁን ከቦርሳዋ አላወጣችውም። እኛም አውጪው አላልናትም። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ወረቀት ጠየቀችን፤ «ትልቁን» አለች። «ሰዎቹ እንዲበቃቸው።»