ሆዱን ታምሞ በማገገም ላይ ላለ ሰው የሚስማማ ምግብ

የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የበሽታው ምልክቶች መሆናቸውን ያልሰማ የለም። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን በሽታው በማቅለሽለሽ፣ በማስመለስና በተቅማጥም ይገለጻል፤ የሆድ ሕመሙ ከሳሉ የሚቀድምበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በወረርሽኙ ወቅት ተቅማጥ የጀመረው ሰው «የበላሁት ምግብ ነው» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ራሱን ከቤተሰቡ ለይቶ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ምክር ይጠይቅ። የሲኤምሲ ነዋሪ ለኮቪድ-19 ሕክምና ተዘጋጅቶ የነበረው የኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ቢቀርበውም፣ በታክሲ ወይም በባቡር ከሰው ጋር ተጨናንቆ ከመሄድ መደወልን ያስቀድም። የሚከተለው ምክር ሕመማቸው ቀላል ሆኖ በቤታቸው እንዲያገግሙ የተነገራቸውን ይመለከታል።

ከምግብ የሚቀድመው ፈሳሽ ነው። በተቅማጥና በትውከት ሰውነት ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ያጣል፤ ውሃ ብቻ መጠጣት የጠፋውን ሁሉ አይተካም። ከመድኃኒት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኘውን ኦአርኤስ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ያስፈልጋል። ካልተገኘ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል። ጨው ማብዛት ጉዳት ስላለው መጠኑን በግምት አይለኩ። የተዘጋጀው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ቤቶች በሮቶና በጀሪካን ያጠራቀሙትን ሳያፈሉ ለበሽተኛ አይስጡ። የሚያስመልሰው ሰው ካለ ለአሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እንደገና ይጀምር።

ትውከቱ ጋብ ሲልና የመብላት ፍላጎት ሲመጣ ምግብ መጀመር ይገባል፤ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ በሽተኛን ማስራብ ማገገሙን ያዘገያል። ለሆድ የማይከብደውን ምግብ ቋንቋችን አልጫ ይለዋል። ቃሉ አንዳንዴ ለማናናቅ ቢነገርም ለታመመ ሆድ ግን የሚስማማው ይኸው ነው። ቀጠን ያለ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት፣ ቅቤ ያልገባበት ቅንጬ፣ ሩዝ፣ የድንችና የካሮት ቅቅል፣ የበሰለ ሙዝ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቅባቱ የተገፈፈ የዶሮ ሾርባ ከየቤቱ የማይጠፉ ወይም ከጉሊት በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ሙዝና ድንች በተቅማጥ የወጣውን ፖታሲየም ይተካሉ። ትንሽ ትንሽ እየተባለ ቶሎ ቶሎ መብላት በአንድ ጊዜ ከመጥገብ ይሻላል።

በርበሬና ሚጥሚጣ የቆሰለውን የአንጀት ግድግዳ ይቆጠቁጣሉ። ቅቤና የተጠበሰ ነገር ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጡ ማቅለሽለሽን ያባብሳሉ። ቡናና አልኮል መቆየት አለባቸው። የላም ወተትም ለጥቂት ቀናት ለአንዳንዶች አይስማማም፤ እርጎ ግን ብዙ ጊዜ ይቀላል። ወረርሽኙን ለመከላከል በሚል ዝንጅብልን፣ ነጭ ሽንኩርትንና ፌጦን በብዛት መውሰድ ተለምዶ ነበር። እነዚህ ኮቪድ-19ን እንደሚያድኑ አልተረጋገጠም፤ ተቅማጥ ላይ ያለን ሆድ ደግሞ ያቃጥላሉ። አረቄማ ጭራሽ አይታሰብም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩ ችግር አለ። ኮቪድ-19 ጣዕምንና ሽታን ሊያጠፋ ስለሚችል በሽተኛው የቀረበለትን ሁሉ «ምንም አይለኝም» ይላል፤ አስታማሚዋም አዝና በርበሬ ትጨምራለች። የጠፋው ጣዕም በበርበሬ አይመለስም። ከዚያ ይልቅ ምግቡን ሞቅ አድርጎ ማቅረብ፣ ጨውን በልክ ማስተካከል፣ አጥሚቱን አንድ ቀን በስኳር ሌላ ቀን በጨው መለዋወጥ ይረዳል።

ጾም ላይ ያለ በሽተኛ በሐኪም ምክር ስለ መብላቱና ስለ መጠጣቱ የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መምህሩን ያማክር፤ ሁለቱም ታላላቅ ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ማቅለያ አላቸው።

አልጫ ምግብ የጥቂት ቀናት ነገር ነው። ሩዝና ሙዝ ብቻ እየበሉ መሰንበት የፕሮቲን እጥረት ያመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ በርበሬ የሌለው ሽሮ በጥቂት እንጀራ፣ ቀጥሎም የተለመደው ምግብ ይመለስ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከጤና ባለሙያ ዚንክ ይታዘዝለታል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን የታዘዘው ይጨረስ። ካገገመም በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል።

ምግቡን የሚያቀርበው ሰው ጭምብል ያድርግ፤ የበሽተኛው ሳሕንና ብርጭቆ ለብቻው ሆኖ በሳሙና ይታጠብ። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ከሆነ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ በበረኪና ይጽዳ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም የሩዝ ውሃ መስሎ ያለማቋረጥ ከወረደ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ለስድስት ሰዓት ሽንት ካልሸና፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ምግብ እየቀያየሩ መጠበቅ አይገባም፤ ኦአርኤሱን እያጠጡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።