የቫልቭ አምፕሊፋየር ባያስ፦ ከሪያድ ሶኬት እስከ አዲስ አበባ ሶኬት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሙዚቃ መሣሪያ አምፕሊፋየር ውስጥ «ባያስ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚጠበቅ ለአንባቢያን ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። በሪያድ ጊታር፣ ኪቦርድ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራር የሚጫወቱ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ትምህርት ሲያልቅ መሣሪያውም ከባለቤቱ ጋር ወደ አገር ቤት ይመለሳል። የሪያድ ኤሌክትሪክ ግን የአዲስ አበባ ኤሌክትሪክ አይደለም። ይህንን ልዩነት ሳያውቁ አምፕሊፋየርን ከአንዱ ሶኬት ነቅሎ በሌላው መሰካት ንብረትን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የቫልቭ ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመበት፣ ማሕሙድ አሕመድም እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧሬ መላ መላ»ን ባስቀረፀበት ዘመን፣ በዓለም ዙሪያ የጊታር አምፕሊፋየር በአብዛኛው በቫልቭ የሚሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ትራንዚስተር ቢስፋፋም ብዙ የጊታር ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ቫልቭን አልተዉም። ዛሬ ግን የድምፅ ቫልቭ በብዛት የሚመረተው በጥቂት አገሮች፣ በተለይ በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሩሲያ ወደ ውጭ በሚላኩ ዕቃዎች ላይ ገደብ ስትጥል የቫልቭ ገበያ ወዲያውኑ ተናግቷል። ስለሆነም ያለንን ቫልቭ ዕድሜውን ጠብቆ ማሠራት ቁም ነገር ነው።

1. ቫልቭ እንዴት ይሠራል?

ቫልቭ፣ በተለምዶ አነጋገር የራዲዮ አምፖል፣ አየር የወጣለት የመስተዋት ብልቃጥ ነው። በውስጡ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ካቶድ፣ ግሪድና ፕሌት ናቸው። ካቶድ በማሞቂያው ክር፣ ብዙውን ጊዜ በ6.3 ቮልት፣ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ፕሌት በመቶዎች የሚቆጠር ፖዘቲቭ ቮልት ስላለው እነዚህን ኤሌክትሮኖች ይስባል። በሁለቱ መካከል የቆመው ግሪድ ደግሞ የሚያልፈውን መጠን ይወስናል።

ግሪድን እንደ መስኖ ቦይ መዝጊያ አድርገን ብናስበው ነገሩ ይቀላል። ገበሬው መዝጊያውን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ብዙ ውሃ ይታዘዝለታል። ከጊታር የሚመጣው ትንሽ ምልክትም ግሪዱን በማንቀሳቀስ ብዙ ኮረንቲ ያዛል። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ ባያስ ማለት ሙዚቃ በሌለበት ሰዓት መዝጊያው የሚቆምበት ቦታ ነው። ቦታው የሚወሰነው ግሪዱ ከካቶዱ አንጻር ምን ያህል ኔጌቲቭ ቮልት እንዳለው ነው። ኔጌቲቩ ሲበረታ መዝጊያው ይጠብቃል፤ ሲላላ ይከፈታል።

2. ባያስ ሲጠብቅና ሲላላ

በአብዛኞቹ ከፍተኛ ኃይል ባላቸው አምፕሊፋየሮች የኃይል ቫልቮቹ በጥንድ ይሠራሉ። አንዱ የድምፁን ሞገድ የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይሸከማል። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው እንደሚስቡት መጋዝ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይረከባል።

ሀ) ባያሱ ከመጠን በላይ ከጠበቀ፣ ሁለተኛው ሳይረከብ የመጀመሪያው ይለቃል። በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል። በተለይ በዝግታ ሲጫወቱ ድምፁ ይሻክራል፣ ይቀጥናል። ቫልቩ ግን አይጎዳም።

ለ) ባያሱ ከመጠን በላይ ከላላ፣ ሙዚቃ በሌለበትም ሰዓት ብዙ ኮረንቲ ይፈስሳል። ፕሌቱ ይግላል፤ ሲብስም እንደ ፍም ይቀላል። ይህ ከታየ አምፕሊፋየሩን በዚያው ቅጽበት ማጥፋት ይገባል። ዝም ከተባለ ቫልቩ፣ ቀጥሎም ትራንስፎርመሩ ይሄዳል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይስማማል።

ባያስ የሚገኝበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በካቶድ ሬዚስተር ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ነው፤ ቮክስ ኤሲ30 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ በመፍቻ የሚዞር ማስተካከያ የለውም። ሁለተኛው «ቋሚ ባያስ» የሚባለው ሲሆን፣ ኔጌቲቩን ቮልት ከራሱ ትራንስፎርመር ለይቶ ያዘጋጃል። ፌንደር ትዊን ሪቨርብና ብዙዎቹ የማርሻል አምፕሊፋየሮች ከዚህ ይመደባሉ። ስሙ «ቋሚ» ይሁን እንጂ የግድግዳው ቮልት ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ከዚህ በታች የምንለው በተለይ ይህንን ሁለተኛውን ዓይነት ይመለከታል።

3. ሒሳቡ

እያንዳንዱ ቫልቭ ፕሌቱ ሊሸከም የሚችለው የሙቀት ጣሪያ አለው። ለኢኤል84 12 ዋት፣ ለኢኤል34 25 ዋት፣ ለ6ኤል6ጂሲ 30 ዋት ነው። ቋሚ ባያስ ባለው ጥንድ ላይ የተለመደው ደንብ ሙዚቃ በሌለበት ሰዓት ከጣሪያው 70 በመቶ አለማለፍ ነው። ይህ ድንበር እንጂ ሁሉም ሊደርስበት የሚገባ ግብ አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ ድምፁ ካማረ እሰየው።

ምሳሌ፦ በ6ኤል6ጂሲ የሚሠራ አምፕሊፋየር ፕሌቱ 430 ቮልት ቢሆን፣ የ30 ዋት 70 በመቶ 21 ዋት ነው። 21 ለ430 ሲካፈል 0.049 አምፔር ገደማ፣ ማለትም 49 ሚሊአምፔር ይሆናል። ለአንዱ ቫልቭ ከዚህ ማለፍ የለብንም።

4. የሪያድ ሶኬት

በሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይህ በ25 ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ 230 ቮልት እንዲለወጥ ወሰነ። ኸርዙ ግን ያው 60 ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ሠፈር፣ አሮጌው ቤት 127፣ አዲሱ ሕንጻ 230 ቮልት ሊኖረው ይችላል። ከመንፉሐ አንድ ክፍል ወደ ሌላ ሠፈር አዲስ አፓርታማ ቤት የለወጠ ተማሪ ሶኬቱን ሳይለካ ምንም ነገር መሰካት የለበትም።

በአሮጌው ቤት ሁለት ነገር እንጠንቀቅ።

ሀ) ለ120 ቮልት የተሠራ አምፕሊፋየር በ127 ቮልት ሲሰካ ይሠራል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ቮልቴጅ ሁሉ 6 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። የማሞቂያው 6.3 ቮልት ወደ 6.7 ይጠጋል። ኔጌቲቩ ቮልትም አብሮ ስለሚያድግ ጭማሪውን በከፊል ይቋቋማል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። በቫልቭ ሕግ ሲሰላ የፕሌቱ ሙቀት ወደ 15 በመቶ ይጨምራል። በ120 ቮልት 21 ዋት ላይ የነበረው ቫልቭ በ127 ቮልት 24 ዋት ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ይህም ከጣሪያው 80 በመቶ ነው።

ለ) በአሮጌው ሥርዓት ለአየር ማቀዝቀዣ የሚዘረጋው 220 ቮልት የሚገኘው ኮረንቲ ካላቸው ሁለት ሽቦዎች መካከል ነው። አንዱን መስመር ብቻ የሚቆርጥ ማብሪያ ሲጠፋ ሌላው ሽቦ ኮረንቲ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ አምፕሊፋየር ለመክፈት ማጥፋት አይበቃም፤ ከሶኬት መንቀል ግዴታ ነው።

በዚህ ላይ የሪያድን በጋና አቧራ እንጨምር። አምፕሊፋየሩን ከግድግዳ አርቆ፣ ጀርባው አየር እንዲያገኝ ማስቀመጥ ይገባል። አቧራ የቫልቩን መቀመጫና የባያሱን ማስተካከያ ንክኪ ያበላሻል። ንክኪው ሲቋረጥ ኔጌቲቩ ቮልት ሊጠፋና ቫልቩ በደቂቃዎች ውስጥ ፍም ሊሆን ይችላል።

5. ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የቮልቱ ጥያቄ ነው። ለ120 ወይም ለ127 የተዘጋጀ አምፕሊፋየር በቀጥታ በ220 ቢሰካ፣ ዕድል ከቀናው ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። ከጀርባው የቮልት መምረጫ ካለው አስቀድሞ መለወጥ፣ ከሌለው ደግሞ ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር መጠቀም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ የኸርዙ ጥያቄ ነው። ቮልት ቀናሹ ኸርዝን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በዚያው ቮልት በ50 ኸርዝ ሲሠራ፣ በብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ 20 በመቶ ያድጋል። ትራንስፎርመሩ ይግላል፣ ያንጎራጉራል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ከጀርባው «50/60 ኸርዝ» የሚል መኖሩን እናንብብ። «60» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ወደ አገር ቤት ለመውሰድ ያሰበ ሰው ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል። ቮልት ቀናሹም ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆን አለበት።

ሁለቱም ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ባያሱ በአዲሱ ቦታ እንደገና ይለካል። በሪያድ የተስተካከለው ለሪያድ ነው።

6. አለካኩ

አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ፦ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ ሰው ይገድላል። ሥራውን ያልተማረ ሰው ሽፋኑን አይክፈት፤ የተማረም ብቻውን አይሥራ፣ አንድ እጁንም ከኋላው ያድርግ። ሌሎቻችን ቅደም ተከተሉን ማወቃችን ከባለሙያው ጋር ለመነጋገርና ሥራውን ለመከታተል ይረዳናል።

ሀ) የግድግዳውን ቮልት መለካትና መጻፍ።

ለ) ስፒከሩ መገናኘቱን ማረጋገጥ። የቫልቭ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ከተጫወቱበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ድምፁን ዜሮ ማድረግ፣ ጊታሩን መንቀል።

ሐ) አዲስ ቫልቭ ሲገባ ማስተካከያውን መጀመሪያ ኔጌቲቩ ወደሚበረታበት ወገን ማዞር።

መ) ከካቶድ ወደ መሬት በሚሄደው መስመር ላይ 1 ኦም ሬዚስተር ማስገባት። በእርሱ ላይ የሚነበበው 1 ሚሊቮልት 1 ሚሊአምፔር ነው። ንባቡ የስክሪኑንም ኮረንቲ ስለሚጨምር የፕሌቱ ትክክለኛ ኮረንቲ ከንባቡ ጥቂት ያንሳል፤ ስሕተቱ ወደ ደኅናው ወገን ነው።

ሠ) ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እስኪሞቅ መጠበቅ። ከዚያ የፕሌቱን ቮልትና ኮረንቲውን ለክቶ ማባዛት።

ረ) ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ ማዞር፣ በየጊዜውም የፕሌቱን ቮልት እንደገና መለካት። ኮረንቲ ሲጨምር ቮልቱ ጥቂት ይወርዳልና።

ሰ) ቀኑን፣ ከተማውን፣ የግድግዳውን ቮልት፣ የፕሌቱን ቮልትና ኮረንቲውን በወረቀት ጽፎ በአምፕሊፋየሩ ሣጥን ውስጥ መለጠፍ። ይህች ወረቀት ከሪያድ ወጥታ አዲስ አበባ ለሚከፍተው ባለሙያ ትልቅ ምስክር ናት።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ባያስ የአምፕሊፋየሩ ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ነው። ቫልቩ፣ አምፕሊፋየሩና ሶኬቱ በአንድነት የሚወስኑት ነገር ነው። ከሦስቱ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። ቫልቭ ስንለውጥ እንለካለን፤ ቤት ስንለውጥ እንለካለን፤ አገር ስንለውጥ ደግሞ ሳንለካ አንጫወትም።

ለጥናት ክበቦች የመወያያ ጥያቄዎች

1. በኢኤል34 የሚሠራ አምፕሊፋየር ፕሌቱ 450 ቮልት፣ ኮረንቲው 45 ሚሊአምፔር ነው። ከ25 ዋት ጣሪያው ስንት በመቶ ላይ ነው? ምን እናድርግ?

2. ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራን አምፕሊፋየር በአዲስ አበባ የማያድነው ለምንድን ነው?

3. በየቤታችሁ ያለውን የሶኬት ቮልት ለኩ። ውጤቱን በክበቡ ስብሰባ ላይ አነጻጽሩ።