የሥዕል ሽሙጥ፦ ጄምስ ብሩስ፣ የላስታ ወታደሮችና የለንደን ሣቅ

በዛሬው የጥናት ዓምዳችን ፈረንጆቹ ካሪካቸር ስለሚሉት የሥዕል ሽሙጥ እንነጋገራለን። «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው? የጥንት እንግሊዞች ቀልድ ለወልድያ ዕጩ መምህር ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከደጃችን፣ ከላስታ ይደርሳል። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካሪካቸር የሰውን መልክ ወይም ጠባይ አጋንኖ በመሣል የሚያስቅና የሚነቅፍ ሥዕል ነው። ረጅሙ ከልክ በላይ ይረዝማል፤ ሆዳሙ ሆድ ብቻ ይሆናል። እኛ በቅኔና በአዝማሪ ግጥም የምንወጋውን እንግሊዞች በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በመዳብ ሰሌዳ ይወጉት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። የመዳቡ ፊት ሰም ይቀባል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየፋቀ ይሥላል። ከዚያ አሲድ ሲፈስበት የተፋቀውን መስመር ብቻ እየበላ ይቦረቡረዋል። ሰሙ ይነሣና በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ቀለም ይሞላል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ሲጫን ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል። እንግዲህ ጽሑፍ ካለበት ሠዓሊው ፊደሉን ገልብጦ መጻፍ ነበረበት ማለት ነው። (ሰምና ወርቅ የሚለው የቅኔ ስያሜያችንም ከአንጥረኛ ሰም የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል። በሁለቱም ዘንድ ሰሙ ይሄዳል፤ የተፈለገው ነገር ይቀራል።)

ከአንድ ሰሌዳ በብዙ መቶ የሚቆጠር ቅጂ ይታተማል። ቀለም የሚቀባው በእጅ ስለነበር ቀለም የተቀባው ካልተቀባው ይወደዳል። ያም ሆነ ይህ ዋጋው ለድኻው የሚቀመስ አልነበረም። ታዲያ ሰፊው ሕዝብ በምን አየው? ባለ ሱቆቹ አዲስ የወጣውን ሥዕል ሁሉ በመስኮታቸው መስተዋት ላይ ይደረድሩት ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ በነጻ ያያል። ጄምስ ጊልሬይ የተባለው ዝነኛ ሠዓሊ የሐና ሐምፍሪን የለንደን ሱቅ ራሱን ሥሎታል፤ በ1808 በወጣው በዚህ ሥዕል ሰዎች መስኮቱ ላይ ተደቅነው ሲያዩ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ አንሸራቶት ይወድቃል። እናንተስ አሁን በምን ሁኔታ ናችሁ? በግድግዳ ጋዜጣ ፊት ቆማችሁ በጓደኛ ትከሻ ላይ አሻግራችሁ እያነበባችሁ አይደል?

ከእነዚህ ሠዓሊዎች የቀደመው ዊልያም ሆጋርት ነው። በ1751 ባወጣው ሥዕል የለንደንን ድኻ ያጠፋው የነበረውን የጂን መጠጥ ሠፈር አሳይቷል፤ ሰካራም እናት ልጇ ከእጇ ሲወድቅ አታስተውልም። ጊልሬይ ደግሞ በ1792 የንጉሡን አልጋ ወራሽ ከምግብ ብዛት ልብሱ ሊፈነዳ የደረሰ ሆዳም አድርጎ ሣለው። እንዴት ደፈረ? በእንግሊዝ አገር ከ1695 ወዲህ የታተመ ነገር ሳይወጣ በፊት የሚመረምር ባለ ሥልጣን አልነበረም። ይሁንና ነጻነቱ ለሁሉም አልነበረም፤ ቴያትር በ1737 በወጣ ሕግ ሳንሱር ይደረግ ነበር፤ ይህም እስከ 1968 ቆይቷል። ወረቀቱ ሲፈቀድ መድረኩ ተከለከለ። በእኛም አገር ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ እንስሳትን እያናገሩ የሹማምንቱን ምግባር የነቀፉበት «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ደግሞም ሠዓሊን ዝም የሚያሰኘው እገዳ ብቻ አይደለም። ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ከመንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ይቀበል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ብዕሩ ወደ የትኛው ወገን እንዳዘነበለ መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ጄምስ ብሩስ የስኮትላንድ ሰው ነው። በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ። ራስ ሚካኤል ስሑልንና እቴጌ ምንትዋብን ያውቅ ነበር፤ በቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አስታሟል። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይን አየ። ሲመለስ ሦስት የግዕዝ መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ ወጣ፤ በኢትዮጵያ ብቻ ሙሉውን ተጠብቆ የኖረውን መጽሐፍ ማለታችን ነው። ይህ ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ነገር ነበር። በ1774 ለንደን ሲገባ ግን ሰዉ ስለ ሄኖክ አልጠየቀውም፤ ስለ ሥጋ ጠየቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩስ በአክሱም አጠገብ ሦስት ወታደሮች ላም እየነዱ ሲሄዱ ማየቱን ተናገረ። ላሚቱን ጥለው ከታፋዋ ሥጋ ቆርጠው አወጡ፤ ቆዳውን መልሰው አያያዙና ጭቃ ለጥፈውበት እየነዱ ሄዱ አለ። ለንደን በሣቅ ፈረሰ። ዶክተር ጆንሰን እንኳ ተጠራጠረ። ይህ ሰው በ1735 የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ የተረጎመ፣ በ1759 ደግሞ ራሴላስ ስለተባለ የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ የጻፈ ነው፤ ኢትዮጵያን ግን በዓይኑ አላየም። ያላየው ያየውን ውሸታም አለው ማለት ነው።

አንድ ቀልድም ይነገራል። በእንግሊዝኛ ክራር መሰሉ መሣሪያና ውሸታም ሰው ሲጠሩ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ሁለቱም «ላየር» ናቸው። ብሩስ በአገሩ የሙዚቃ መሣሪያ አለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አንድ ላየር ያየሁ ይመስለኛል አለ፤ አንዱ ቀልደኛ ለጎረቤቱ እሱ ከዚያ ከወጣ ወዲህ አንድ ጎደለ ብሎ አንሾካሾከ ይባላል። የቅኔ ተማሪ ይህንን ኅብር ይለዋል። መቼስ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ አይካድም።

ብሩስ ተኮርፎ አሥራ ስድስት ዓመት ቆየና በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ። በዚያው ዓመት ፒተር ፒንዳር በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ባለ ቅኔ የምፀት ግጥም ጻፈበት። በ1792 የባሮን ሙንሃውዘን የውሸት ጀብዱ ተከታይ መጽሐፍ ወጣና መታሰቢያነቱ ለሐበሻ ተጓዡ ለሚስተር ብሩስ ነው ተባለ። ጆን ኬይ ደግሞ ሣለው። ኬይ በኤድንበርግ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ ኋላ በከተማው የፓርላማ አደባባይ ሱቅ ከፍቶ ያገሩን ሰው ሁሉ የሣለ ሰው ነው። በ1791 ሥዕሉ ብሩስን ከፒተር ዊልያምሰን ጋር አቆመው። ዊልያምሰን በልጅነቱ ተሰርቆ አሜሪካ የተሸጠ፣ በሕንዶች ተማርኬ ነበር እያለ በሕንድ ልብስ ለሕዝብ ይታይ የነበረ ሰው ነው። የሥዕሉ ርእስ «የጉዞ የበኵር ልጅ ከቼሮኪ አለቃ ጋር ሲነጋገር» የሚል ነው። ተመልካቹ «ሁለት ወሬኛ ተገናኘ» ብሎ እንዲስቅ ነው።

ይህን ሥዕል ስናየው የሚቆጨን አለ። በብሩስ ሲሣቅ አብሮ የተሣቀበት ማን ነው? እኛው ነን። በለንደን ዘንድ ብርንዶ መብላትና ከቆመች ላም መቁረጥ አንድ ሆነው ቀሩ። ብርንዶማ ዛሬም በወልድያም በመርሳም ሥጋ ቤት የሚጠየቅ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ሁለተኛው ግን ለእኛም እንግዳ ነው፤ ወታደር በችግር ያደረገውን የአገር ልማድ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ግን ብሩስ ዋሽቶ ነበር ወይ? ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1805 እና በ1809–10 ትግራይ መጥቷል። ናትናኤል ፒርስ የተባለ መርከበኛ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እዚሁ ቀርቶ ነበር። ፒርስ ከላስታ ወታደሮች ጋር ሲጓዝ እነሱ በርቧቸው ከአንዲት ላም ታፋ ሥጋ ሲቆርጡ፣ ቁስሉን ሸፍነው መልሰው ሲነዷት አየ። የብልቱንም ስም ጠይቆ ያዘ፤ ሹልዳ ነው። ዛሬ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሹልዳ ብትሉ ባለ ቢላዋው ሳያመነታ ይቆርጥላችኋል። ሶልት ይህንን በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ሶልት የብሩስ ወዳጅ አልነበረም፤ በሌላ ብዙ ነገር ስሕተቱን ነቅሶበታል። ስለዚህ ምስክርነቱ ክብደት አለው። ብሩስ ግን አልሰማውም፤ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞቶ ነበር።

ይህ ነገር ለመምህር ለምን ይጠቅማል ብለን አነሣነው? ነገ ሐብሩ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተመድባችሁ ክፍል ስትገቡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አፍንጫችሁ ተጎትቶ ተሥሎ ታገኙ ይሆናል። ያጋጥማል፤ ያላጋጠመው መምህር የለም። ዳስተሩን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት። የተሣለው አፍንጫችሁ ብቻ ከሆነ ልጁ የሣቀው ፈጣሪ በሰጣችሁ ነገር ነው። የሰዓት መዘግየታችሁ ወይም በትራችሁ ተሥሎ ከሆነ ግን ልጁ ጊልሬይን ሳያውቅ የጊልሬይን ሥራ ሠርቷልና ሥዕሉን ከመደምሰስ በፊት ራስን መመርመር ነው። እኛ ይህንን ስንጽፍ ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ልጁ አይቀጣም?» ብሎ ተከራክሮናል። ክርክሩ አላለቀም፤ ሐሳብ ያላችሁ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ አምጡልን።

አንድ ነገር ይቀረናል። ብሩስ በእርግጥ የደበቀው ነገር ነበረው። ግሽ ዓባይን ከእሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ አይቶታል፤ ብሩስ ግን ይህንን ካደ። ደግሞም ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት መጥቶ ነበር። ዕፀዋቱን፣ ፍርስራሹንና ወፎቹን የሣለው በአብዛኛው እሱ ነው፤ ወደ ምንጩ በተደረገው ጉዞም አብሮ እንደነበረ የራሱ ማስታወሻ ይመሰክራል። በ1771 በጎንደር ሞተ። ብሩስ ሥዕሎቹን እንደ ራሱ ሥራ አቀረባቸው። በሥጋው የሣቀችው ለንደን ይህንን አላየችም፤ ኬይም አልሣለውም። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ፤ የባሉጋኒም ስም ተጽፎባቸዋል።