የአከርካሪ አጥንት ስብራትና ኤም.አር.አይ. የተባለው መሣሪያ

አከርካሪ በሰው አካል ውስጥ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች አሉት። ይኸውም አንደኛ፥ የሰውነታችን ምሰሶ ነው፤ ሁለተኛ፥ ከአንጎል የሚወርደውን ኅብለ ሰረሰር በውስጡ ሸሽጎ ይጠብቃል። የተሠራውም ከ33 አንጓዎች ነው፤ እነዚህም 7 የአንገት፥ 12 የደረት፥ 5 የወገብ፥ 5 የዳሌና 4 የጭራ አንጓዎች ናቸው።

በቆቦና በራያ ቆላ ይህ ምሰሶ የሚሰበርበት ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ዛፍ ላይ የወጣ ይወድቃል፤ በጭነት መኪና ላይ የተሳፈረ ይወድቃል፤ ከወልድያ በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አውራ ጎዳናም መኪና ይገለበጣል። ከከፍታ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ደረትና ወገብ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የደረቱ አከርካሪ ከጎድን አጥንት ጋር ስለተያያዘ እንደ ልብ አይታጠፍም፤ የወገቡ ግን ይታጠፋል፤ ስለዚህ የውድቀቱ ኃይል በመገናኛው ላይ ያርፋል።

ስብራቱን ለማወቅ ሐኪሞች ሦስት መሣሪያዎች አሏቸው። የመጀመሪያው ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ባገኘው ጨረር የሚሠራው ራጅ ነው። ሁለተኛው ሲቲ ስካን ሲሆን፥ በዚያው ዓይነት ጨረር አጥንቱን እንደተቆረሰ ዳቦ ገጽ በገጽ ያሳያል። ሁለቱም ለአጥንት መልካም ናቸው፤ ኅብለ ሰረሰርን፥ ጅማትንና በአንጓዎች መካከል ያለውን ዲስክ ግን አጥርተው አያሳዩም። የተጎዳው ሰው እግሩ አልታዘዝ የሚለው ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩ ወይም ነርቮቹ ሲጎዱ ነው።

ይህን የሚያሳየው ሦስተኛው መሣሪያ ኤም.አር.አይ. ነው። ለዚህ ግኝት ላውተርበርና ማንስፊልድ የተባሉ ሊቃውንት በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፤ በውሃም ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። በሽተኛው ብርቱ በሆነ ማግኔት ውስጥ ይተኛል፤ የተለመደው 1.5 ቴስላ ማግኔት ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሬዲዮ ሞገድ ሲላክ የሃይድሮጅኑ እንብርት ይነቃነቃል፤ ሞገዱ ሲቆም ወደ ነበረበት ሲመለስ ምልክት ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ምልክቱን ሥዕል ያደርገዋል።

ሥዕሉ ለሐኪሙ ሦስት ነገር ይነግረዋል። አንደኛ፥ ኅብለ ሰረሰሩ መጨቆኑን፥ ማበጡን ወይም መድማቱን ያሳያል። ሁለተኛ፥ አንጓዎቹን ያሰሩት ጅማቶች መበጠሳቸውን ያሳያል፤ ከተበጠሱ አከርካሪው ስለማይጸና በብሎንና በዘንግ ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ካልተበጠሱና ነርቩ ደኅና ከሆነ ብዙ ጊዜ መደገፊያና ጥንቃቄ ይበቃል። ሦስተኛ፥ አዲሱን ስብራት ከአሮጌው፥ እንዲሁም ከአከርካሪ ቲቢ ለመለየት ይረዳል። የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረ፥ ይህን ሥዕል አይተው የሚያክሙ ሐኪሞች በአገራችን እየሠለጠኑ ነው።

ነገር ግን በሰውነቱ ውስጥ ጥይት፥ የብረት ስባሪ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ማግኔቱ ሊጎዳው ይችላልና።

መሣሪያው ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ በየወረዳው አይገኝም። ከቆቦ እስከ አዲስ አበባም መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የእኛ የጎረቤቶቹ ሥራ ነው። የወደቀን ሰው አዝነንለት ቀና ብናደርገው፥ በጀርባችን ብናዝለው ወይም በባጃጅ አጥፈን ብናስቀምጠው፥ ደኅና የነበረው ኅብለ ሰረሰር በመንገድ ላይ ሊጎዳ ይችላል። ወጌሻም ጀርባውን እንዲያሽ ወይም እንዲጎትት መፍቀድ አይገባም።

የሚገባው ይህ ነው፤ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር ከቦታው አለማንቀሳቀስ፤ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ሌሎች ሦስት ወይም አራት ሆነው መላ አካሉን በአንድ ጊዜ ማንሣት፤ በጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም በማይረግብ ቃሬዛ ላይ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ።

ውድ አንባብያን፥ ኤም.አር.አይ. ጉዳቱን ያሳያል እንጂ የተበጠሰውን ኅብለ ሰረሰር አይቀጥልም። ስለዚህ ይህን ትምህርት ለቤተሰቦቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ፤ ቃሬዛ የሚያነሡት እነርሱ ናቸውና።