ከስፖኪዮው ውጪ

አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለሳይክል የተለየ መንገድ ይዞ መጥቷል። ኮሪደሩ ባልደረሰበት ሰፈር ግን ሳይክለኛው ዛሬም ከሲኖትራክና ከሚኒባስ ጋር አንድ አስፋልት ይጋፋል። ዕቃ በሳይክል የሚያደርስ አንድ ወጣት እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ከሚታጠፍ የጭነት መኪና ለጥቂት ተርፎ፣ እየተንቀጠቀጠ ጎረቤቱ ዘንድ ገባ። ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው።

«ጋሼ፣ እናንተ ሹፌሮች ሰው አይታያችሁም እንዴ?»

«አይታየንም» አሉ ሽማግሌው ሳያቅማሙ።

ወጣቱ ክርክር ነበር የጠበቀው።

«ጋቢናው ከፍ ያለ ነው። ከቀኙ በር ሥር፣ በመስኮትም በስፖኪዮም የማይገባ ቦታ አለ። አንተ ደግሞ መብራት ሲይዝ በቀኝ ሾልከህ የምትቆመው እዚያው ነው።»

«ፍሬቻ አላሳየም እኮ!»

«ባያሳይ ጥፋቱ የሱ ነው፤ የሚሰበረው አጥንት ግን ያንተ። ደግሞ ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል። አፍንጫው ካለፈህ በኋላ ተረፍኩ ስትል ሆዱ ያገኝሃል። ከኋላው ቁም፣ ልጄ።»

የሁለቱ ወገን ቅያሜ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል፦ ሹፌሩ ሳይክለኛው ከየት ዱብ እንዳለ አያውቅም፤ ሳይክለኛው ሆን ተብሎ የተገፋ ይመስለዋል።

«ጠርዙን ይዤ ስሄድስ ለምን ክላክስ ያስጮሁብኛል?»

«ጠርዙን ስለያዝክ ነዋ! ክፍተቱን ያየ ሹፌር ‹ይበቃኛል› ብሎ ታክኮህ ያልፋል። አንድ ሜትር ያህል ወጣ በልና ቀጥ ብለህ ሂድ። ያን ጊዜ ሊቀድምህ የፈለገ ረድፍ መቀየር እንዳለበት ይገባዋል። ይናደዳል፤ ይናደድ።»

ጀርመን ሲቀድም የሚተወውን ርቀት ለሹፌሩ ስሜት አልተወችውም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ሳይክለኛን የሚቀድም መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጪ 2 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ደንግጋለች።

«ጥንቃቄውን ሁሉ እኔ ላይ ጫኑት እኮ፣ ጋሼ!»

እዚህ ላይ ወጣቱ እውነት አለው፤ ሽማግሌውም አልካዱም። ሮተርዳም ከምትኖረው ልጃቸው የሰሙትን አነሱለት። ሆላንድ ውስጥ መኪናና ሳይክል ከተጋጩ ካሣው በመርህ ደረጃ የሚወድቀው በባለመኪናው ላይ ነው። ሳይክለኛው ከ14 ዓመት በታች ከሆነማ፣ ልጁ ራሱ ቢያጠፋም ባለመኪናው ከክፍያ አያመልጥም ማለት ይቻላል።

«እነሱማ ሳይክል ላይ ነው የተወለዱት» አለ ወጣቱ።

አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በሆላንድ መንገዶች 3,300 ያህል ሰው ሞቷል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ያሉ ወላጆች አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ዛሬ የሚደነቁት የሳይክል መንገዶች የተስፋፉት ከዚያ ግፊት በኋላ ነው።

«ፍጥነቱንም አትርሳ» አሉ ሽማግሌው። «በ60 የሚመጣ መኪና በ30 ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያሳርፈው ጉልበት እጥፍ እንዳይመስልህ፤ አራት እጥፍ ነው።»

«ታክሲውንስ ምን ላድርገው?»

«ሚኒባስ ሲዘገይ በቀኙ አትለፍ፤ ረዳቱ ሳይቆም በሩን ይከፍተዋል። ዳር ከቆመ መኪና ደግሞ የበሩን ስፋት ያህል ራቅ። ሹፌሩም የግራ በሩን በቀኝ እጁ ቢከፍት፣ ትከሻው ሲዞር ዓይኑም ወደ ኋላ ይዞርለታል።»

«ይህን ለሹፌሮቹ ማን ይንገርልኝ?»

«መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ይፈተኑበታ! ደቂቃ አይፈጅም። አንተስ ብትሆን? ትናንት ማታ ያለ መብራት ስትመጣ በር ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ።»

«ባትሪው አልቆ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ባትሪ ሳትገዛ ማታ ዕቃ አትቀበል» አሉት።