ዳግም ልደት ወይስ አደራ? የቀደመ ሕይወት የፍቅር ልብ ወለዶችና የሐረር ትውፊት

ለወጣት አንባብያን በእንግሊዝኛ ከሚጻፉ የፍቅር ልብ ወለዶች መካከል አንዱ ዘር የታወቀ መዋቅር አለው። ሁለት ወጣቶች ይገናኛሉ፤ ከዚህ ቀደም ተያይተው ባያውቁም እንግድነት አይሰማቸውም። ምሥጢሩ ሲገለጥ ባለፈ ሕይወታቸው ተፋቅረው ሞት እንደ ለያያቸው፣ ዛሬም የተገናኙት በሌላ ሥጋ ተመልሰው እንደ ሆነ ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ፣ እንዲህ ያለው ታሪክ በአማርኛ፣ በተለይም መቼቱ ሐረር ጁገል ቢሆን፣ በምን ቃልና በምን አመክንዮ ሊነገር ይችላል? የሚል ነው። የጸሐፊው መከራከሪያም፣ ዘውጉ በዳግም መወለድ የሚሠራውን ሥራ በእኛ ትውፊት የሚሠራው አደራ ነው የሚል ነው።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ዳግም ልደት» ባለቤት ያለው ቃል ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ከውኃና ከመንፈስ መወለድን፣ ማለትም ጥምቀትን ያመለክታል። «ሥጋዌ» እና «ሥጋ መልበስ» ለቃል ሰው መሆን የተጠበቁ ናቸው። «የነፍስ ፍልሰት» የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍልሰት ሲባል የሰማ ወጣት ወይ የነሐሴን ጾም ወይ ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረገውን ጉዞ ያስባል። በእስልምና ሥነ መለኮትም «ተናሱኽ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ተቀባይነት የሌለው አስተምህሮ መጠሪያ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የትኛውንም ቃል ቢያነሣ ሳያስበው በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ይገባል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ሎረን ኬት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው «ፎለን» በተሰኘው ልብ ወለድ፣ ሉስ የተባለችው ወጣት በየ17 ዓመቱ እየሞተች እንደ ገና ትወለዳለች፤ የሚወዳት ዳንኤል ግን የወደቀ መልአክ በመሆኑ አይሞትም። የታሪኩ ውጥረት የሚጠነክረው ሉስ በአሁኑ ሕይወቷ አለመጠመቋ ሲታወቅ ነው፤ ከሞተች ከእንግዲህ አትመለስም። እንግዲህ ይህን ሐሳብ «ዳግም ልደት ስላላገኘች ዳግም ልደት አይኖራትም» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ግራ ከማጋባት በቀር ምንም አይፈይድም። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከስሙ ይልቅ ግሡ ይሻላል፤ «ተመልሳ መጣች»፣ «ተመልሳ አትመጣም» ማለት ለማንም ግልጽ ነው፤ ከማንም ቃል አይበደርም።

ወደ አመክንዮው እንለፍ። የዘውጉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የሆነው የራይደር ሃጋርድ «ሺ» (እሷ) በመጽሔት በተከታታይ የወጣው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1886 እስከ ጥር 1887 ነው። አጋጣሚ ሆኖ የመጨረሻው ክፍል በወጣበት በዚያው ጥር ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። አየሻ የተባለችው ባለታሪክ በቅናት የገደለችውን ወዳጇን ተመልሶ እስኪመጣ በአፍሪካ ዋሻ ውስጥ ሁለት ሺህ ዓመት ትጠብቀዋለች። አን ብራሻርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው «ማይ ኔም ኢዝ ሜሞሪ» ደግሞ ዳንኤል የተባለው ወጣት ያለፉ ሕይወቶቹን ሁሉ ያስታውሳል፤ ፍቅሩ የሚጀምረውም በ541 በሰሜን አፍሪካ ወታደር ሳለ ለሞት ካበቃት ልጃገረድ ነው። በሁለቱም ሥራዎች የፍቅሩ ሥር ደም ነው። አፍቃሪው ባለዕዳ ነው፤ ዕዳውም በአንድ ዕድሜ ስለማያልቅ ደራሲዋ ወይም ደራሲው ሌላ ዕድሜ ይጨምርለታል። የዳግም መወለድ ተግባር በእኔ ንባብ ይኸው ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ አልሄደም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ በወንድ ልብስ ተሰውራ ትጓዛለች፤ በመጀመሪያው ልብ ወለዳችን የማንነት ምሥጢር የሚሸሸገው በልብስ እንጂ በሌላ ሥጋ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ድንበሩን በርእሱ አስቀምጦታል። ሁለቱ ሥራዎች የወጡበት ዓለም ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላም ትንሣኤና ፍርድ አለ ብሎ ያምናል። ይሁንና ዕዳው በመቃብር አይዘጋም፤ ሟች የተናገረው ቃል በሕያዋን ላይ ይቀራል።

ለዚህ ከሐረር ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ባቲ ድል ወንበራ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ባለቤት ነበረች፤ ስሟም ለአማርኛ ጆሮ «ድል ወንበሯ» ብሎ ራሱን ይተረጉማል። በዘመቻው ባሏን ተከትላ ተጉዛ ልጆች ወልዳለች። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ሲገደል ወደ ሐረር ተመለሰች፤ የተማረከውን ልጇን መሐመድን ያስለቀቀችውም በምርኮ የነበረውን የንጉሡን ወንድም ሚናስን በለውጥ ሰጥታ ነው። ቀጥሎ ያለው በትውፊት የሚነገረው ነው፤ የኢማሙ የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድ ለጋብቻ ሲጠይቃት የሟቹን ደም እንዲመልስ ቃል አስገባችው። ኑር እ.ኤ.አ. በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ድል ነሣ፤ ንጉሡም በዚያው ወደቁ። አሚሩም «የሁለተኛው ድል ባለቤት» ተባለ።

ይህን ታሪክ የቀደመ ሕይወት ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው መገመት አያስቸግርም፤ ኑርን የኢማሙ ተመላሽ ነፍስ ያደርገዋል። «ሁለተኛው» የሚለው ቃል ራሱ ይጋብዛል። ትውፊቱ ግን ይህን አላደረገም። ኑር ኑር ነው፤ የሟቹን ሥራ የተቀበለ ሌላ ሰው ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንደሚባለው፣ የያዘው የሌላውን ቃል እንጂ የሌላውን ነፍስ አይደለም።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተመላሽ ነፍስ ባለታሪክ የቀድሞ ማንነቱን ሊክድ አይችልም፤ ያ ሰው እሱ ራሱ ነውና። አደራ ግን ሊከበርም ሊበላም ይችላል፤ «አደራ በላ» የሚለው ስድብ መኖሩ በራሱ ሰው አደራውን መተው እንደሚችል ይመሰክራል። በዐሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት የተፋጁት ወገኖች ዘሮች ዛሬ በአንድ ክፍል በሚማሩበት አገር፣ አንዷን ተማሪ የገዳይ፣ ሌላውን የሟች ነፍስ ተመላሽ አድርጎ መጻፍ የጥንቱን ደም በልጆቹ ሥጋ ላይ ማተም ይሆናል። በአደራ የተዋቀረ ልብ ወለድ ግን ልጅቱ ከአያቷ የሰማችውን ቃል እንድትመረምር፣ ብትፈልግም እንዳትቀበለው ቦታ ይተውላታል። ለወጣት አንባቢ የተጻፈ ፍቅር ያለዚህ ምርጫ ምን ይቀረዋል?

ከተማዋም ለዚህ ትመቻለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብር ሥፍራዎች ይቆጠራሉ፤ ግንቡን እንዳሠራ የሚነገርለት አሚር ኑርም እዚያው ተቀብሮ ይዘየራል። አቅጣጫውን ልብ ይሏል፤ በፈረንጁ ልብ ወለድ ሙታን ወደ ሕያዋን ይመጣሉ፤ በሐረር ሕያዋን ወደ ሙታን ይሄዳሉ። የባህላዊው ቤት ወለል ቀይ የተቀባው በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። ሙሽሮች የሚያርፉባት ኪርታት የምትባለው ትንሽ ክፍል የምትገኘው በዚያው ባለ ቀይ ወለሉ አዳራሽ ጎን ነው። ልብ ወለዱን የሚጽፍ ሰው ከዚያች ክፍል ሊጀምር ይችላል፤ ሙሽራዪቱ በበሩ አሻግራ ወለሉን እያየች፣ ይህ ቀለም ከእኔ ምን ይፈልጋል ብላ ባሏን ስትጠይቀው።